ይሄ ባህሪ አብሮ የተወለደ ነው ወይስ የተማሩት? እንዴት እንደሚጣራ

ውሻው የበር ደወል ሲሰማ ይጮሃል፣ ድመቷ የተንጠለጠለ ክር ካየች ታደባለች፣ ልጁ ሲቆጣ ቁርጥ አባቱን ነው። ሁሌም ታዲያ አንዱ ብድግ ብሎ «ተፈጥሮው ነው ምን ታረጉታላችሁ» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «አይ አስተዳደጉ ነው» ይላል፣ ክርክሩም እዛው ቆሞ ይቀራል ምክንያቱም ሁለቱም ጋ ማጣሪያ የለም። ማጣሪያው ግን አለ እኮ፣ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ወፍ እያሳደጉ፣ አይጥ እያዳቀሉ፣ ሕፃን ሲታዘቡ የደረሱበት ነገር ነው፣ እና የባዮሎጂ ተማሪም ብትሆኑ ቤታችሁ ውሻ ወይ ትንሽ ልጅ ያላችሁም ብትሆኑ አካሄዱን መጠቀም ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እንስማማ፣ ስለ ባህሪው በሙሉ «ተፈጥሮ ነው ወይስ ትምህርት» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልስ አታገኙም፣ ይልቅ ባህሪውን ቆራርጣችሁ «ይሄኛው ክፍል እንዲመጣ የትኛው ልምድ የግድ ያስፈልጋል» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይቺን ጥያቄ ማጥበቂያ ነው።

መጀመሪያ ስሙን ሳይሆን እንቅስቃሴውን ጻፉ

«ፈራ» «ቀና» «ተቆጣ» የሚባሉት ያያችሁት ነገር ሳይሆኑ የናንተ ትርጓሜ ናቸው። ያያችሁት ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ ፀጉሩ ቆመ፣ ይሄን ነው። ይሄን ከጻፋችሁ በኋላ ደግሞ ለያዩት፦ እንቅስቃሴው ራሱ ምን ይመስላል፣ የሚቀሰቅሰው ምንድነው፣ በማን ወይ በምን ላይ ነው የሚያነጣጥረው፣ በስንት ዕድሜው ጀመረ። እነዚህ አራቱ የግድ አንድ ምንጭ የላቸውም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው።

ቬርቬት የሚባሉትን ጦጣዎች እንይ። ኬንያ አምቦሴሊ ውስጥ ሴይፋርዝ፣ ቼኒ እና ማርለር የሚባሉ ተመራማሪዎች ሲያጠኗቸው (ውጤቱ በ1980 ነው የወጣው፣ እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለነብር አንድ ዓይነት ጩኸት፣ ለንስር ሌላ፣ ለእባብ ሌላ እንዳላቸው አዩ፣ የነብሩን የሰማች ዛፍ ላይ ትወጣለች፣ የንስሩን የሰማች ቀና ብላ ታያለች። ግልገሎቹም የንስሩን ጩኸት ያሰማሉ፣ ግን ምን ላይ መሰላችሁ፣ ምንም የማያደርጋቸው ወፍ ላይ፣ አንዳንዴ ከላይ እየተንሳፈፈ በሚወርድ ቅጠል ላይ ጭምር። ሲያድጉ ነው በእውነት የሚበላቸው አሞራ ላይ ብቻ የሚሆነው። «ከላይ የሚመጣ ነገር አደጋ ነው» የሚለው ሻካራ መነሻ ከትንሽነታቸው ጀምሮ አለ፣ የትኛው ነው አደጋው የሚለውን የሚሞርደው ግን ኑሮ ነው ማለት ነው። «የጦጣ ጩኸት ተፈጥሯዊ ነው ወይስ የተማረ» ብላችሁ ደፍናችሁ ብትጠይቁ ኖሮ ይሄ ሁሉ ያመልጣችሁ ነበር።

ድመትም እንደዛው ነች። አድብቶ መዝለሉን ማንም አያስተምራትም፣ አይጥ ታድናለች አታድንም የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኩኦ የሚባል ቻይናዊ ሳይንቲስት በ1930 ባወጣው ሥራ የድመት ግልገሎችን ከፋፍሎ አሳደገ፣ እናታቸው ስትገድል እያዩ ያደጉት አብዛኞቹ አይጥ ገዳይ ሆኑ፣ ከአይጥ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ያደጉት ግን አብረው ያደጉትን ዓይነት አይጥ አልነኩም።

ከዛ «ከዚህ በፊት ዕድሉን አግኝቶ ነበር ወይ» ብላችሁ ጠይቁ

አንድ እንስሳ አይቶት የማያውቀውን ነገር በመጀመሪያ ሙከራው በደንብ ከሠራው መማሩን የሚያስረዳ ነገር ይጠፋል። ስፓልዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ በ1870ዎቹ ያደረገው ይሄን ነው፣ ጫጩት ከእንቁላል እንደወጣች ዓይኗን በትንሽ ቆብ ሸፈነና ከቀናት በኋላ ሲገልጥላት ብዙም ሳትቆይ የምትንቀሳቀስ ነፍሳት ተከትላ መልቀም ጀመረች። ስዋሎው የሚባሉትን ወፎች ደግሞ ክንፋቸውን መዘርጋት የማይችሉበት ጠባብ ሳጥን ውስጥ አሳደገና መብረሪያ ዕድሜያቸው ሲደርስ ለቀቃቸው፣ በረሩ። መብረርን ወላጆቻቸው እያስተማሯቸው ነው የሚመስለን እኛ ነን።

እኔ ከሁሉም የምወደው የሽኮኮዋ (ስኩዊረል የሚሏት) ነው። ኦስትሪያዊው አይብል አይበስፌልት ሽኮኮዎችን ከመወለዳቸው ጀምሮ ለብቻቸው፣ ፈሳሽ ምግብ እየሰጠ፣ አፈር የሌለበት ቤት ውስጥ አሳደገ። ካደጉ በኋላ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ፍሬ ሰጣቸው። ከጠገቡ በኋላ የተረፋቸውን ይዘው ጥግ ፈለጉ፣ ደረቁን ወለል በፊት እግራቸው ጫሩ ጫሩ፣ ፍሬውን አስቀምጠው በአፍንጫቸው ደቁሰው አጠበቁት፣ ከዛ ግራና ቀኝ በሌለ አፈር ሸፈኑት። ፍሬው ወለሉ ላይ ተጋድሞ ለሁሉም ይታያል፣ እሱ ግን ሥራውን ጨርሶ ሄደ። ቅደም ተከተሉ እንዳለ ወጣ ማለት ነው፣ ውጤቱን እያየ አይደለም የሚሠራው።

እዚህ ደረጃ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ፣ ሁለቱም ውስጥ ሰው በየቀኑ ይገባል።

አንደኛው ዘግይቶ የመጣን ነገር ሁሉ የተማሩት ነው ማለት ነው። ሕፃን አንድ ዓመት ገደማ ላይ ይራመዳል፣ ጢም በጉርምስና ይወጣል፣ ጢም ማብቀልን ግን ማንም አይማርም። አካል እስኪበስል የሚጠብቅ ባህሪ አለ። መራመድ ራሱ እንኳ ድብልቅ ነው፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ብብቱን ይዛችሁ ካቆማችሁት እግሩን እየቀያየረ የመራመድ ዓይነት እንቅስቃሴ ያሳያል፣ ከሳምንታት በኋላ ይጠፋል፣ ሰው ደግሞ «ረሳው» ወይም «አንጎሉ አጠፋው» ይል ነበር። ኤስተር ቴለን እና ባልደረቦቿ በ1984 ያሳዩት ግን የሚጠፋው እግሩ ስለወፈረና ስለከበደ መሆኑን ነው፣ ሕፃኑን እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ሲያቆሙት እንቅስቃሴው ተመልሶ መጣ።

ሁለተኛው ወጥመድ ደግሞ ይብሳል፦ ሲወለድ ያለ ነገር ሁሉ ያልተማሩት ነው ማለት። ትምህርት በተወለዱ ቀን አይደለም የሚጀምረው። በ1980 ዴካስፐር እና ፋይፈር ከተወለዱ 3 ቀን ያልሞላቸው ሕፃናት ማጥቢያ ጡጦ ሰጥተው አጠባባቸውን በመለዋወጥ የሚሰሙትን ድምፅ እንዲመርጡ አደረጉ፣ ሕፃናቱ የሌላ ሴት ድምፅ ትተው የእናታቸውን መረጡ። የት ነው የለመዱት፣ ማህፀን ውስጥ ነዋ።

የተመራማሪው ጎትሊብ ዳክዬዎች ደግሞ ይሄን ነገር እስከ ጥግ ነው የወሰዱት። በማሽን የተፈለፈሉ፣ እናት የሚባል ነገር ሰምተው የማያውቁ የዳክዬ ጫጩቶች የራሳቸውን ዝርያ እናት ጥሪ ከሌላው ለይተው ወደሱ ይሄዳሉ። ማንም ሰው ይሄን አይቶ «በቃ ደመ ነፍስ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ጊልበርት ጎትሊብ ግን እንቁላሉ ውስጥ እያሉ ጫጩቶቹ ድምፅ እንደሚያሰሙ ያውቅ ስለነበር ድምፃቸው እንዳይወጣ አደረገና ከሌሎቹም ለይቶ በዝምታ አስፈለፈላቸው። እነዚህኞቹ የዳክዬን ጥሪ ከዶሮ ጥሪ መለየት አቃታቸው። የእናትን ድምፅ «የሚያውቁት» የራሳቸውንና የወንድሞቻቸውን ድምፅ በመስማት ነበር፣ ይሄንን ልምድ ደግሞ በተለመደው ሁኔታ የማያገኝ ጫጩት ስለሌለ ማንም አያየውም። ስለዚ «ዕድሉን አግኝቶ ነበር ወይ» ስትሉ እናት ታስተምራለች ወይ ብቻ አትበሉ፣ ራሱ ለራሱ የሚሰጠውንም ቁጠሩ።

ቀጥሎ አንድ ልምድ ብቻ ቀንሳችሁ ምን እንደሚጎድል እዩ

ዋናው መሣሪያ ይሄ ነው። ሁሉን ነገር መንፈግ ሳይሆን አንዷን ልምድ ብቻ ማንሳት። በዚህ በኩል ከወፍ ዘፈን የተሻለ ማሳያ የለም። ነጭ አናት ያላት የሰሜን አሜሪካ ድንቢጥ አለች፣ ፒተር ማርለር ብዙ ዓመት የሠራባት። ወንዱ ጫጩት ከ10 እስከ 50 ቀን ዕድሜው ባለው ጊዜ ውስጥ የአዋቂ ዘፈን በቴፕ ከሰማ ከወራት በኋላ ራሱ መዝፈን ሲጀምር ያንኑ ያወጣዋል፣ በመሀል ምንም አልሰማም እኮ። ጨርሶ ካልሰማ ይዘፍናል ግን የተበላሸ ዘፈን ነው፣ አንዳንድ የዝርያው ምልክት አለው የቀረው ጎደሎ። የሌላ ዝርያ ዘፈን ብቻ በቴፕ ከተከፈተለት እንዳልሰማ ነው የሚሆነው። ከመዝፈኑ በፊት መስሚያውን ካጣ ደግሞ (ማሳካዙ ኮኒሺ በ1965 ነው ያሳየው) ከሁሉም የባሰ የሚንጫጫ ነገር ይወጣል፣ ምክንያቱም ያስቀመጠውን ዘፈን ከራሱ ድምፅ ጋር ማስተያየት አልቻለም።

አያችሁ በየቅነሳው የተለየ ነገር ሲጎድል? የአዋቂ ዘፈን ስታነሱ ዝርዝሩ ይጠፋል፣ የራሱን ድምፅ ስታነሱ ቅርጹ ይፈርሳል፣ የሌላ ዘር ስታቀርቡ ማጣሪያው ይታያል። መማር ነው፣ ግን ምን መማር እንዳለበት ቀድሞ የሚያውቅ መማር። ዶሮን ብትወስዱ ግን ይሄው ኮኒሺ ጫጩት ሳሉ መስማት እንዲያቆሙ ያደረጋቸው ዶሮዎች አድገው እንደማንኛውም ዶሮ ነው የጮሁት። ሁለቱም ወፍ ናቸው፣ ሁለቱም ድምፅ ነው፣ መልሱ ግን ተቃራኒ ነው፣ ስለዚ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው ዝም ብላችሁ አትዝለሉ።

ይሄን ቤት ውስጥ በቡችላ ወይ በድመት እንዳትሞክሩት በጣም አደራ። ጭካኔ መሆኑ ብቻ አይደለም ነገሩ፣ ውጤቱም አይጠቅማችሁም። ሃሪ ሃርሎው የሚባል ተመራማሪ ከእናትና ከጓደኛ ለይቶ ያሳደጋቸው ዝንጀሮዎች ጥግ ይዘው የሚወዛወዙ፣ ራሳቸውን የሚነክሱ፣ ከሌላ ጋር መኖር የማይችሉ ሆኑ፣ እንዲህ የተጎዳ እንስሳ አንድ ነገር ባይሠራ የቱን ልምድ ስላጣ እንደሆነ በምን ታውቁታላችሁ?

ተፈጥሮ ራሷ የሠራችውን ሙከራ ፈልጉ ይልቅ። ኩኩ የምትባለው ወፍ እንቁላሏን ሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። ጫጩቱ ላባ ሳያበቅል፣ ዓይኑ ሳይገለጥ፣ የባለቤቷን እንቁላሎች አንድ በአንድ ጀርባው ላይ እየጫነ የጎጆውን ግድግዳ ወደ ኋላ እየወጣ ወደ ውጭ ይጥላቸዋል፣ ይሄን ኤድዋርድ ጄነር (የፈንጣጣ ክትባቱ ሰውዬ) በ1788 ጽፎታል። አድጎ ደግሞ አሳዳጊዎቹ የሚዘፍኑትን ትቶ ኩኩ ነው የሚለው። ማን አሳይቶት?

ልምምድ ያሻሽለዋል ወይ፣ ምኑን?

«እየተሻሻለ ነው ስለዚህ እየተማረ ነው» የሚባለው ችኮላ ነው። ኤክሃርድ ሄስ በ1956 ለጫጩቶች የሚያዩትን ወደ አንድ ጎን የሚያዞር መነጽር አጠለቀላቸው። መጀመሪያ ቀን ሲለቅሙ ተበታትኖ ወደ ጎን ነው የሚያርፈው፣ ከቀናት በኋላ ምቱ ተሰበሰበ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ማረፍ ጀመረ፣ ግን አሁንም ወደ ጎን! ስህተታቸውን አላረሙም፣ እጃቸው ብቻ ጠና። እጃቸው ስል ምንቃራቸው፣ ገብቷችኋል።

የንብ ጭፈራ ደግሞ በተቃራኒው አስገረመን። ምግብ ያለበትን አቅጣጫና ርቀት በጭፈራ የምትናገረው ንብ ለብዙ ጊዜ የፍጹም ደመ ነፍስ ምሳሌ ተደርጋ ነበር የምትቀርበው። በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ሥራ ግን ልምድ ያላቸው ንቦች ሲጨፍሩ ሳይከተሉ ያደጉ ወጣት ንቦች የመጀመሪያ ጭፈራቸው ስህተት የበዛበት መሆኑን አሳየ። በዕድሜ አቅጣጫውን አስተካከሉት፣ ርቀቱን ግን እስከ መጨረሻው አላስተካከሉትም። አንዱ ጭፈራ ውስጥ ሁለት ክፍል፣ አንዱ በራስ ልምምድ የሚቃና ሌላው በጊዜው ካላዩት የሚያመልጥ።

ደም እና ቤት ሲለያዩ

ወላጅ ጂንም ይሰጣል ቤትም ይሰጣል፣ ስለዚ «እናቱን ይመስላል» ማለት ምንም ማስረጃ አይደለም። ሁለቱን የሚለያይ ነገር ያስፈልጋል፣ ወይ ማዳቀል ወይ ለሌላ እናት መስጠት።

ብላክካፕ የምትባለው ወፍ ከጀርመን ስትነሳ ወደ ደቡብ ምዕራብ ትሰደዳለች፣ ከምሥራቅ ኦስትሪያ የምትነሳው ወደ ደቡብ ምሥራቅ። አንድሪያስ ሄልቢግ ሁለቱን አዳቅሎ ልጆቻቸውን በሰው እጅ አሳደገና (1991) የስደት ወቅት ሲደርስ ሳጥን ውስጥ ሆነው ወደየት እንደሚዘሉ ተመለከተ፣ ወደ መሀል ወደ ደቡብ። ምንም መንገድ አይተው አያውቁም፣ የተከተሉትም የለም፣ ደም ነው።

አሁን ደግሞ አይጥ። ሚካኤል ሚኒ እና ባልደረቦቹ ሞንትሪያል ላይ በ1999 እንዳሳዩት ልጇን አብዝታ የምትልስ እናት አይጥ ሴት ልጆቿም ሲወልዱ አብዝተው ይልሳሉ። የዘር ነገር ነው የሚመስለው አይደል? ግን ከትንሽ ላሽ እናት የተወለደችውን ገና በተወለደች ሰሞን ለአብዝታ ላሽ ሲሰጧት እንደ አሳዳጊዋ ሆነች። ከትውልድ ትውልድ መተላለፉ ብቻውን ጂን ነው አያሰኝም።

ማዳቀሉም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። አይጦችን ግራ በሚያጋባ መተላለፊያ ውስጥ ቶሎ መንገድ የሚያገኙትን ከቶሎ አግኚ፣ የሚሳሳቱትን ከሚሳሳት እያዳቀሉ ሁለት ዘር ማውጣት ይቻላል፣ ተደርጓልም። ኩፐር እና ዙቤክ በ1958 እንዲህ ተለይተው የወጡ ሁለት ዘሮችን ወሰዱና ከፊሎቹን ባዶ ሳጥን፣ ከፊሎቹን ብዙ መጫወቻ ያለበት ሳጥን ውስጥ አሳደጉ። ባዶው ውስጥ ሁለቱም ዘር እኩል ደደብ ሆኑ፣ መጫወቻ ያለው ውስጥ ሁለቱም ተቀራራቢ ሆኑ። ያ ሁሉ የዘር ልዩነት በደንብ የሚታየው በተለመደው የላቦራቶሪ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነበር። ለኔ ይሄ አንድ ሙከራ «ስንት ፐርሰንቱ ጂን ስንት ፐርሰንቱ አስተዳደግ» ለሚል ሰው ሁሉ በቂ መልስ ነው፣ በየትኛው ሳጥን? ብላችሁ ጠይቁት።

መማር ራሱ ያዳላል

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ማጣሪያ ይሄ ነው፦ ምን ያህል በቀላሉ ይማረዋል፣ ምንስ ለመማር እምቢ ይላል። ጋርሲያ እና ኬሊንግ በ1966 ለአይጦች ጣዕም ያለው ውሃ ከብርሃንና ከድምፅ ጋር አብረው ሰጡ። በኋላ ያቅለሸለሻቸው አይጦች ጣዕሙን ጠሉ፣ ብርሃንና ድምፁን ምንም አላሉትም። በኤሌክትሪክ የተነዘሩት ግን ብርሃንና ድምፁን ፈሩ፣ ጣዕሙን ደህና አድርገው ጠጡት። ሆድ ሲታመም ተጠርጣሪው የበሉት ነው፣ ቆዳ ሲነዘር ያዩትና የሰሙት፣ ይሄን ማዳላት ማንም አላስተማራቸውም።

ሱዛን ሚኔካ ደግሞ ላቦራቶሪ ውስጥ ያደጉ ዝንጀሮዎች እባብ እንደማይፈሩ አሳየች፣ ሌላ ዝንጀሮ እባብ አይቶ ሲደነግጥ ካዩ ግን ቶሎ ይማራሉ። ከዛ ቪዲዮውን ቆርጠው ዝንጀሮው የደነገጠው በአበባ እንዲመስል አደረጉት፣ አበባን መፍራት አልተማሩም (1989)። እንግዲህ እባብ መፍራት ተፈጥሮ ነው ወይስ ትምህርት? ፍርሃቱ የተማሩት፣ ለዛ ትምህርት የነበራቸው ዝግጁነት ግን ሌላ።

ሰው ላይ ስትመጡ

ሰውን ለይቶ ማሳደግ አይቻልም፣ ማዳቀልም አይቻልም፣ ስለዚ ያለው አማራጭ ሕይወት ራሷ አንዱን ልምድ የነሳቻቸውን ሰዎች ማየት ነው። ሲወለዱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆኑ ሰዎች ፈገግታን ከማንም ፊት አይተው አይቀዱም። ማትሱሞቶ እና ዊሊንግሃም በ2009 ባወጡት ጥናት የ2004 ኦሊምፒክና ፓራሊምፒክ የጁዶ ተወዳዳሪዎች ሲያሸንፉና ሲሸነፉ የተነሳ ፎቶ አወዳድረው ነበር፣ ሲወለዱ ጀምሮ የማያዩት የፊታቸው ጡንቻ እንቅስቃሴ ከሚያዩት ጋር አንድ ሆኖ ነው የተገኘው። መቼ ማሳየት መቼ መደበቅ እንዳለብን፣ ሲከፋን በሰው ፊት ፈገግ ማለትን፣ እሱን ግን እንደየማህበረሰቡ እንለያያለን።

ቋንቋ ላይ ያው ሁለቱንም ታያላችሁ። ጃኔት ወርከር በ1984 እንዳሳየችው እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት የሚያድጉ ከ6 እስከ 8 ወር ያሉ ሕፃናት የሂንዲን ድምፆች ይለያሉ፣ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ግን አብዛኞቹ አይለዩም። መማር ማለት እዚህ ጋ ማጣትም ነው። በሌላ በኩል ኒካራጓ ማናጓ ውስጥ በ1970ዎቹ መጨረሻ መስማት የተሳናቸው ልጆች አንድ ትምህርት ቤት ተሰብስበው ሲገናኙ ማንም ያላስተማራቸውን የምልክት ቋንቋ ራሳቸው ፈጠሩ፣ ከኋላ የመጡት ትንንሾቹ ደግሞ ሰዋስው ጨመሩበት። ቋንቋው አልተሰጣቸውም፣ ግን እርስ በርስ ባይገናኙ አይወለድም ነበር።

ሰው ላይ ሁለት ችኮላ በፍጥነት ላንሳ። «ሁሉም ሰው ያደርገዋል ስለዚህ ተፈጥሮ ነው» አይሠራም፣ ሁሉም ሰው ትኩስ ነገር ሲነፋ ታያላችሁ፣ ሁሉንም ስላቃጠላቸው ሊሆን ይችላል እኮ። «በዘር የመጣ ነው ስለዚህ አይለወጥም» ደግሞ ጭራሽ ስህተት ነው፣ ፒኬዩ የሚባለው በጂን የሚወረስ ችግር ካልታከመ የልጁን አእምሮ ይጎዳል፣ ከተወለደ ጀምሮ ፌኒላላኒን የተባለው ንጥረ ነገር የተቀነሰበት ምግብ ከበላ ግን ያ ጉዳት ይቀራል። በተቃራኒው ደግሞ የተማርነው ሁሉ በቀላሉ አይለቅም፣ በልጅነት የያዘን የንግግር ዘዬ ምስክር ነው።

እስቲ አንዱን ባህሪ እስከ መጨረሻው እንሂድበት

የውሻውን ደወል እንውሰድ፣ ምክንያቱም ማንንም ሳይጎዱ ቤት የሚሞከር ነው። መጀመሪያ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹትና ክፍሎቹን ጻፉ፦ ጆሮ ይቆማል፣ ይጮሃል፣ ወደ በሩ ይሮጣል፣ ዞር ብሎ እናንተን ያያል። ጩኸቱን ማንም አላስተማረውም፣ ቡችሎች ገና በሳምንታት ዕድሜ ይጀምሩታል፣ በዘርም ይለያያል፣ ባሴንጂ የሚባለው ዘር እንደሌሎቹ አይጮህም። ጆሮ ማቆሙም ለማንኛውም አዲስ ድምፅ የሚሰጥ መልስ ነው። ተጠርጣሪው «ደወል ማለት ሰው መጣ» የሚለው ነው፣ እና ወደ በር መሮጡ።

ይሄን ለማጣራት ሰምቶት የማያውቀውን የስልክ ድምፅ ምረጡ። ብቻውን ደጋግማችሁ ስታሰሙት ጆሮውን ያቆማል ከዛ ይተወዋል። አሁን ድምፁ በተሰማ ቁጥር ወዲያው ሰው በበር ይግባ። ከተወሰነ ድግግሞሽ በኋላ ድምፁን ብቻውን አሰሙት፣ ከጮኸና በሩ ጋ ከሄደ ግንኙነቱን ስትሠሩት አያችሁ ማለት ነው፣ ጩኸቱ ግን ያው የድሮው ጩኸት ነው። ለማፍረስ ደግሞ በተቃራኒው፣ ደወሉ ይጮሃል ማንም አይገባም። መጀመሪያ ላይ ብሶበት ሊጮህ ይችላል፣ አትደንግጡ፣ ከዛ ይቀንሳል። በማግስቱ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ «ይሄ ውሻ አይማርም» እንዳትሉ፣ ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭም የራሱ ውሾች ላይ ይሄንኑ አይቷል፣ ጠፋ የተባለው ምላሽ ከእረፍት በኋላ ይመለሳል፣ ስትደጋግሙት ግን እየደከመ ነው የሚሄደው።

ደወሉን እናንተ አትደውሉ። በርሊን ውስጥ ሃንስ የሚባል ሒሳብ ያውቃል የተባለ ፈረስ ነበር፣ ኦስካር ፉንግስት በ1907 ባወጣው ሥራ ፈረሱ ሒሳብ ሳይሆን የጠያቂውን ራስ ትንሽ እንቅስቃሴ እያየ በሰኮናው መምታቱን እንደሚያቆም አሳየ፣ ጠያቂዎቹ ራሳቸው እንደሚንቀሳቀሱ አያውቁም ነበር። ውሻችሁም ደወሉ ሳይጮህ እናንተ ወደ በሩ ስታዩ ያያችኋል። ሌላ ሰው ውጭ ሆኖ እናንተ በማታውቁት ሰዓት ይደውል፣ እናንተ ስልካችሁን እያያችሁ ተቀመጡ። በሙከራው ሰሞን ደግሞ እውነተኛ እንግዳ ደወሉን እንዳይነካ፣ ስልክ ደውሎ ይግባ፣ ምክንያቱም አልፎ አልፎ ብቻ እውነት የሚሆን ደወል ሁሌ እውነት ከሆነው ይልቅ ለማጥፋት ያስቸግራል።